ቪዲዮውን የሚያጫውተው ማን ነው?

በዚህ እትም ትንሽ ቴክኒክ የበዛበት ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ሶፍትዌር የማያጠና ሰው ግን ገጹን አይዝለለው፤ ነገሩ የሁላችንንም ላፕቶፕ ይነካል።

በየሴሚስተሩ «ሊኑክስ ጫኑልኝ» የሚሉ ልጆች ይመጣሉ። አራት ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አዲሱን ዊንዶውስ ተሸክሞ መራመድ አልቻለማ። እንጭንላቸዋለን፤ ማሽኑ ይፈጥናል፤ ባለቤቱም ዱዓ አድርጎልን ይሄዳል። ሁለት ቀን ሳይሞላ ግን ተመልሶ ይመጣል፦ «ከቴሌግራም ያወረድኩትን ደርስ አያጫውትልኝም።» ወይ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ነው፣ ወይ የኡስታዙ ንግግር ከከንፈሩ ይዘገያል፣ ወይ ከሥር ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኗል።

ብዙውን ጊዜ ላፕቶፑ አልተበላሸም፤ እኛም ሊኑክሱን አጣመን አልጫንነውም። ከዓመታት በፊት ከእኛ ርቀው የተቀመጡ ሰዎች «ለዴስክቶፓችን የትኛውን የቪዲዮ ላይብረሪ እንውሰድ?» ብለው ተከራክረው አንዱን መርጠዋል። ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ዶርም ውስጥ የሚጠቁረው ምስል የዚያ ምርጫ ውጤት ነው። እኛም በመመረቂያ ፕሮጀክት ይሁን በሥራ ዓለም ይህንኑ ጥያቄ መመለሳችን አይቀርምና፣ ሌሎች እንዴት እንደመለሱትና ምን እንዳስከፈላቸው ማየቱ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ቪዲዮ ስንከፍት የምናየው መስኮት፣ ማጫወቻና ማቆሚያ ቁልፍ ያለው ማለታችን ነው፣ ቪዲዮውን የሚያጫውተው እሱ አይደለም። ካፌ ገብተን ሽሮ ስናዝዝ የሚታዘዘን አስተናጋጁ ነው፤ የሚሠራው ግን ኩሽና ውስጥ ያለው ሰው ነው። ላይብረሪ የምንለው ኩሽናውን ነው። ፋይሉን ይከፍታል፣ የታመቀውን ምስልና ድምፅ ይፈታል፣ ሁለቱን በሰዓት ያስተካክላል፣ ሰብታይትሉን ይጽፋል፣ ከዚያ ወደ ስክሪኑና ወደ ድምፅ ማጉያው ይልካል። «ኤምፒ4» የሚለውም ስም የማዳበሪያው ስም እንጂ የእህሉ አይደለም። ውስጡ ያለው ምስል በኤች 264፣ በኤች 265 ወይም በኤቪ1 የታመቀ ሊሆን ይችላል፤ ማዳበሪያው ካልተፈታ አይታወቅም። ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር የሆነበት ወንድም ችግሩ ይኸው ነው፦ ለድምፁ ፈቺ ተገኝቷል፣ ለምስሉ አልተገኘም። ይህን ፈቺ ኮዴክ ይሉታል።

ዴስክቶፕ ኢንቫይሮመንት ደግሞ መስኮቱን፣ ሜኑውን፣ የፋይል ማውጫውን፣ የማስታወቂያ ድምፁን አንድ ላይ ያቀፈው ነው። በሊኑክስ ዓለም ታዋቂዎቹ በ1996 የተጀመረው ኬዲኢ እና በ1997 የተጀመረው ጂኖም ናቸው። ዴስክቶፕ ለቪዲዮ አንድ ላይብረሪ ሲመርጥ ለአንድ ማጫወቻ ብቻ አይመርጥም። በፋይል ማውጫው ላይ የምትታየዋ ትንሽ የቪዲዮ ምስል፣ የድምፅ መቅጃው፣ የካሜራው ፕሮግራም ሁሉም በዚያው ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ምርጫው በመቶ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን ለዓመታት ያስራል።

የዚህን ምርጫ ውጤት አገራችን በእጇ ይዛ አይታዋለች። ከ2008 ጀምሮ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው ፕሮጀክት አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች በሺህ ቁጥር ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገብተው ነበር። የፊደል ኪቦርድ ጭምር ተዘጋጅቶላቸዋል። የማሽኑ ፕሮሰሰር 433 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ 256 ሜጋባይት፣ ማከማቻው 1 ጊጋባይት ነበር። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ካለው ርካሽ ስልክ ያነሰ ነው ማለት ነው። በላዩ የሚሠራው ሹገር የተባለ ክፍት ኮድ ዴስክቶፕ ለቪዲዮና ለድምፅ የመረጠው ጂስትሪመር የተባለውን ላይብረሪ ነው። ማሽኑ ሲመጣ ግን የኤምፒ3 እና የኤች 264 ፈቺ አብሮት አልነበረም። ሁለቱም በፓተንት የተያዙ ስለነበሩ፣ ነፃ የሆኑት ቴዎራ እና ቮርቢስ ተተኩባቸው።

በሚሊዮን የሚቆጠር ማሽን በየአገሩ አከፋፍላለሁ ለሚል ፕሮጀክት ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነበር ብለን እናምናለን፤ ለእያንዳንዱ ማሽን የፓተንት ክፍያ ቢጠየቅ አይዘልቅም። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ከተማ ላይ ያገኘውን ቪዲዮ በፍላሽ ይዞ ክፍል የሚገባው መምህር ነው። ፋይሉ በሌላ ኮምፒውተር ካልተቀየረለት በቀር አይከፈትለትም።

ከሁሉም የሚያስተምረው ግን የኬዲኢ ታሪክ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ። ኬዲኢ በ2000 ሁለተኛ እትሙን ሲያወጣ አርትስ የተባለ የድምፅ ሥርዓት መርጦ ነበር። በዋናነት የአንድ ሰው ሥራ ሲሆን፣ ሰውየው ስቴፋን ዌስተርፌልድ ይባላል። በጊዜው ድንቅ ነበር፤ የብዙ ፕሮግራሞችን ድምፅ በአንድ የድምፅ ካርድ ላይ ያደባልቃል። ችግሩ ቀስ ብሎ መጣ። አርትስ የድምፅ ካርዱን አንዴ ከያዘ ሌላው ፕሮግራም ድምፅ አልባ ይሆናል። ለቪዲዮ ደግሞ መዘግየቱ አስቸጋሪ ነበር። በ2004 መጨረሻ ሰውየው ሥራውን ተወ።

እዚህ ላይ ማንም «ታዲያ አውጥተው አይጥሉትም?» ማለቱ አይቀርም። አልቻሉም። ኬዲኢ 3 ሲወጣ ለፕሮግራም ሠሪዎች ቃል ገብቷል፦ በሦስተኛው እትም ዘመን በሙሉ ዛሬ የሠራችሁት ፕሮግራም ነገም ይሠራል፣ ከሥር ያሉትን መገናኛዎች አንነካም። አርትስ የዚያ ቃል አካል ስለነበር ጠባቂ ባይኖረውም እስከ ኬዲኢ 4፣ ማለትም እስከ ጥር 2008 ድረስ ተሸክመውት ኖሩ። ባለቤቱ የሄደበትን ቤት ለሦስት ዓመት መጠበቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ቪዲዮ ማየት የፈለጉ ማጫወቻዎች ዴስክቶፑን ወደ ጎን ትተው ዛይን የተባለውን ላይብረሪ በቀጥታ ይጠሩ ነበር።

ከዚህ የተወለደው ፎኖን ነው። የኬዲኢ ሰዎች «ከእንግዲህ ከማንም ኩሽና ጋር አንጋባም» አሉ። ፎኖን ራሱ ምንም ቪዲዮ አይፈታም፤ መሀል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ፕሮግራሙ ለፎኖን «ይህን አጫውት» ይላል፣ ፎኖን ከኋላው ለተሰካው ላይብረሪ ያስተላልፋል። ከኋላው መጀመሪያ ዛይን ነበር፣ ከዚያ ጂስትሪመርም ቪኤልሲም ተሰኩ። የዛይኑ መንገድ ጠባቂ አጥቶ ሲዘጋ ፕሮግራሞቹ አንድ መስመር ኮድ ሳይለወጥባቸው ወደ ሌላው ተሻገሩ። በ2000 ያልነበረው መከላከያ በ2008 ተገኘ ማለት ነው።

ሆኖም አስተርጓሚ መሀል መግባቱ በነፃ አይደለም። ሦስት ኩሽና ያለው ምግብ ቤት ሜኑው ላይ መጻፍ የሚችለው ሦስቱም የሚሠሩትን ብቻ ነው። አንዱ ላይብረሪ የሚያምር የሰብታይትል አያያዝ ቢኖረው፣ ሌላው ከሌለው፣ በፎኖን በኩል ያንን መጠየቅ ይከብዳል። ኬዲኢ የቆመበት ኪዩት የተባለው መሠረት እንኳ በ4.4 እትሙ ፎኖንን ካቀፈ በኋላ በ5ኛው እትም ትቶት የራሱን መልቲሚዲያ ክፍል ይዞ ወጣ። ዛሬ ከኬዲኢ ማጫወቻዎች አንዱ የሆነው ሐሩና ፎኖንን ጨርሶ አይነካም፤ ኤምፒቪ የተባለውን ላይብረሪ በቀጥታ ይጠራል። ቀጥታ ከመጥራት ወደ አስተርጓሚ፣ ከአስተርጓሚ ወደ ቀጥታ። ክብ ዞረው መጡ ብሎ የሚስቅ አለ። እኛ ግን የተለየ ነገር አየንበት፦ ማስታወቂያ ድምፅ ለማሰማት አስተርጓሚው በቂ ነው፤ ሥራው በሙሉ ቪዲዮ የሆነ ፕሮግራም ግን ኩሽናውን ራሱን ማናገር አለበት።

ጂኖም በሌላ መንገድ ሄደ። ቶተም የተባለው ማጫወቻው ሲጀመር በዛይን ላይ የቆመ ነበር፤ በኋላ ጠቅልሎ ወደ ጂስትሪመር ገባ። በ2025 በወጣው ጂኖም 49 ቶተምን የተካው ሾውታይምም የቆመው በዚያው በጂስትሪመር ላይ ነው። ከ1999 ጀምሮ የሚሠራው ይህ ላይብረሪ እንደ ቧንቧ መስመር ነው። አንዱ ቁራጭ ፋይል ያነባል፣ ሌላው ይከፍላል፣ ሌላው ይፈታል፣ ሌላው ያሳያል፤ ቁርጥራጮቹን የምንገጣጥመው እኛ ነን። ስለዚህም ከማጫወት አልፎ ለመቅዳት፣ ለቪዲዮ ጥሪ፣ ለቀጥታ ስርጭት ያገለግላል። ሲበላሽ ግን የትኛው መገጣጠሚያ እንደሚያፈስ መፈለግ አለ፤ የሞከረ ያውቀዋል።

ጂስትሪመር ቁርጥራጮቹን በቡድን የከፈለበት አሰያየም የፈገግታ ምንጭ ነው፤ ከአንድ የድሮ የካውቦይ ፊልም ርዕስ ወስዶ «ጥሩ»፣ «መጥፎ» እና «አስቀያሚ» ይላቸዋል። «ጥሩ» ኮዱም ፈቃዱም ንጹሕ የሆነው ነው። «መጥፎ» ገና በደንብ ያልተፈተሸው ነው። «አስቀያሚ» የተባለው ግን በደንብ የተሠራ ሆኖ በፓተንት ወይም በፈቃድ ምክንያት ማሰራጨቱ የሚያስቸግረው ነው። የሊኑክስ አከፋፋዮች የሚያስፈራቸውን ቡድን ትተው ሌላውን ይጭናሉ። ኡቡንቱ ሲጫን «የተጨማሪ ሚዲያ ፎርማቶች ድጋፍ ይውረድ» የሚል ትንሽ ሳጥን ይመጣል፤ ያንን ሳጥን ምልክት ሳያደርጉ ማለፍ ነው ብዙ ጊዜ ወደ እኛ የሚያስመጣው። የኤምፒ3 የፈቃድ ክፍያ በ2017 ስላበቃ እሱ አሁን ችግር አይደለም። ኤች 264 እና ኤች 265 ግን ዛሬም ያከራክራሉ፤ ፌዶራ በ2022 የግራፊክስ ካርዱ እነዚህን እንዲፈታ የሚያደርገውን ድጋፍ ከዋናው ማከማቻው አውጥቷል።

ስለ ቪኤልሲ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም፤ የተማሪዎች ሥራ ነውና። በ1996 ከፓሪስ ከተማ ወጣ ብሎ በስተደቡብ በሚገኘው የኤኮል ሴንትራል ግቢ የሚኖሩ የምህንድስና ተማሪዎች የግቢያቸው ኔትወርክ ቀርፋፋ ሆነባቸው። ፈጣን ኔትወርክ ለማስገባት ምክንያት ያስፈልግ ነበርና፣ ከሳተላይት የሚመጣ ቪዲዮ በግቢው ኔትወርክ ላይ የማሰራጨት ፕሮጀክት ተቀረጸ። (የልባቸው ፍላጎት ጌም መጫወት ነበር ይባላል፤ ኒያውን ለእነሱ እንተወው።) በ2001 ትምህርት ቤቱ ፈቅዶ ኮዱ ክፍት ሆነ። በ2011 ደግሞ የውስጥ ላይብረሪውን ፈቃድ ከጂፒኤል ወደ ኤልጂፒኤል ለመቀየር፣ በየዘመኑ ኮድ የጻፉትን ሰዎች አንድ በአንድ ፈልገው ስምምነታቸውን ጠየቁ።

ይህን ያህል የደከሙት ለምንድን ነው? ፈቃድ ውል ስለሆነ ነው። የጂፒኤል ላይብረሪ ፕሮግራማችን ውስጥ ካስገባን፣ ፕሮግራሙን ለሌላ ስናከፋፍል ኮዱን በሙሉ በዚያው ፈቃድ አብረን መስጠት አለብን። ኤልጂፒኤል ላላ ይላል፦ የራሳችንን ኮድ መዝጋት እንችላለን፣ ላይብረሪው ላይ ያደረግነውን ለውጥ ግን እንሰጣለን፣ ተጠቃሚውም ላይብረሪውን በሌላ እትም መተካት መቻል አለበት። ከሁሉም ሥር ያለው፣ በ2000 የተጀመረው ኤፍኤፍኤምፔግ በመሠረቱ ኤልጂፒኤል ነው፤ አንዳንድ ክፍሎቹን ጨምረን ካጠናቀርነው ግን ጠቅላላው ጂፒኤል ይሆናል። ኤምፒቪም በተለመደው መንገድ ሲጠናቀር ጂፒኤል ነው፤ በኤልጂፒኤል የሚጠናቀርበት መንገድ አለው። የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ወደ ድርጅት መለወጥ የሚያስብ ሰው ይህን ኮድ ከመጻፉ በፊት ያንብብ። «ኢንተርኔት ላይ በነፃ አገኘሁት» ማለት ውሉን አያፈርሰውም፤ ውልን መሙላት ደግሞ ከመድረሳ የመጣን ልጆች አዲስ የምንሰማው ነገር አይደለም።

አሁን የእኛ ወደ ሆነው፣ ከላይ የጠቀስናቸው ሰዎች ሲመርጡ ብዙም ወዳላሰቡት ነገር እንምጣ፤ ሰብታይትል። አማርኛ ለኮምፒውተር ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል፤ ሆሄዎቹ አይቀጣጠሉም፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። የግዕዝ ፊደል ፎንት ማሽኑ ላይ ካለና ፋይሉ በዩኒኮድ ከተቀመጠ ያበቃል። ባዶ ሳጥን ማለት ፎንት የለም ማለት ነው። በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር ፎንት የተተየበ ከሆነ ደግሞ የላቲን ፊደላት ዝርክርክ ሆኖ ይወጣል፤ ያን ማንም ላይብረሪ አያድነውም፣ ጽሑፉ ራሱ መቀየር አለበት።

ዓረብኛ ሌላ ነው። ሐርፎቹ ይቀጣጠላሉ፣ እንደ ቦታቸው መልክ ይለውጣሉ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። የእኛ ደርሶች ሰብታይትል ደግሞ በአንድ መስመር ላይ ሁለቱንም ይዞ ይመጣል፦ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር፣ መሀሉ ላይ አያ፣ ከዚያ አማርኛ። ይህን የሚያውቅ ላይብረሪ ሐርፎቹን ይቀጥልና አቅጣጫውን ይጠብቃል። የማያውቅ ላይብረሪ የአያውን ሐርፎች ይበታትናል፤ ሲብስም ቃላቱን ከኋላ ወደ ፊት ይገለብጣል። ሌላው ተመልካች «ትንሽ የማሳያ ስህተት» ሊለው ይችላል። የአላህ ቃል ተገልብጦ ስክሪን ላይ ሲወጣ ለእኛ ትንሽ አይደለም፤ ከጥራትና ከፍጥነት በፊት የምንፈትሸው ይህን ነው።

ሐርፍ የሚቀጥለው ሥራ በብዙዎቹ ውስጥ ሃርፍባዝ በተባለ ሌላ ላይብረሪ ላይ ይወድቃል። ስሙ ፋርስኛ ነው፤ ሐርፍ የምናውቀው ሐርፍ ነው፣ ባዝ ክፍት ማለት ነው። አቅጣጫውን የሚወስነው ደግሞ ፍሪቢዲ ነው። ኤምፒቪ ማንኛውንም የጽሑፍ ሰብታይትል የሚስለው ሊብአስ በተባለ ክፍል ሲሆን፣ እሱ ሁለቱንም ይጠቀማል። ቪኤልሲም በሁለቱ ይሠራል፤ ጂስትሪመር ጽሑፉን ለፓንጎ ይሰጠዋል። ስለዚህ ሦስቱም በወረቀት ላይ ይችላሉ። በተግባር ግን አከፋፋዩ ሲያጠናቅራቸው አንዱን ክፍል ትቶ ከሆነ ይበላሻል፤ ስለዚህ በራስ ማሽን መሞከር ግድ ነው።

የማሽን ዕድሜም መታሰብ አለበት። ግራፊክስ ካርዱ ራሱ ቪዲዮውን ሲፈታ ፕሮሰሰሩ ያርፋል፣ ባትሪው ይቆያል። ከ2015 በፊት የወጡ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ኤች 264ን እንዲህ ይፈታሉ፤ ኤች 265ን ግን በሙሉ ሃርድዌር አይፈቱም፤ ኤቪ1ማ አይታሰብም። ያን ጊዜ ፋኑ መጮህ ይጀምራል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። ኤምፒቪ ይህን የሃርድዌር እርዳታ በራሱ አይከፍተውም፤ በሴቲንጉ ማብራት ያስፈልጋል። ደርስ ቀድታችሁ የምታሰራጩ እህቶችና ወንድሞች በኤች 264፣ በ480 ወይም በ720 ብታወጡት ለአሮጌ ላፕቶፕም ለዳታም ይቀላል።

ታዲያ እኛ ብንሆን ምን እንመርጥ ነበር? አራት ልጆች ሆነን የደርስ ማጫወቻ ብንሠራ፣ ያለ ብዙ ማመንታት ኤምፒቪን። ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃዋል፣ ሰብታይትሉ ጠንካራ ነው፤ ጂፒኤል መሆኑም ኮዳችንን ለመክፈት ላሰብን ለእኛ አይከብደንም። ሙሉ ዴስክቶፕ ብንሠራ ግን ጂስትሪመርን እንወስዳለን፤ መቅዳትም ጥሪም ስላለ፣ ከአንድ ሰው ጉልበት በላይ የሚጠብቁት ሰዎችም ስላሉት። የትኛውንም ብንመርጥ ላይብረሪውን የሚጠራው ኮድ በአንድ ፋይል ውስጥ ብቻ እንዲሆን እናደርጋለን፤ ነገ ጠባቂው ቢሄድ የምንቀይረው ያንን ፋይል ብቻ ይሆናል። ከኮዱ ጥራት እኩል የምናየውም ይህንኑ ነው፦ ባለፈው ዓመት ኮድ የጨመሩት ስንት ሰዎች ናቸው? ሁሉም ለውጥ በአንድ ስም የተመዘገበ ከሆነ፣ ሰውየው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ አርትስን እናስታውሳለን።

ለሙከራ የሚሆን አጭር ቪዲዮ አዘጋጅተናል፤ ሰብታይትሉ አማርኛና ዓረብኛ በአንድ መስመር ይዟል። ረቡዕ ከዐስር ሰላት በኋላ ላፕቶፕና ፍላሽ ይዛችሁ ብትመጡ ኢንሻአላህ በሦስቱም ማጫወቻዎች አብረን እንሞክረዋለን። የማያጫውትላችሁ ፋይል ካለም ራሱን ፋይሉን አምጡት፤ «አይሠራም» ብሎ በቃል መንገር ብቻ አይረዳንም። ቻርጀራችሁን ሞልታችሁ ኑ፤ ክፍሉ ያለው ሶኬት ሁለት ብቻ ነው።